ሱባ ደን ውስጥ መኪናችን አልነሣ አለች፤ ፈጣን መልስ እባካችሁ

የአያት ልጅ (እሑድ፣ 9:12)
እባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ። መናገሻ ሱባ ደን ውስጥ ነን፤ ስድስት ጓደኛሞች። ትናንት መጥተን ድንኳን ተክለን አደርን። አሁን ዕቃችንን ጭነን ልንወጣ ስንል መኪናዋ አልነሣም አለች። ባትሪው ሞቷል፤ ማታ ሙዚቃ ከፍተን ነበር። አጠገባችን የሰፈሩት ሁለት ቤተሰቦች ከምሳ በፊት ሄደዋል፤ ሌላ መኪና አይታየኝም። ኔትወርክ የሚገኘው ጉብታው ላይ ስወጣ ብቻ ነው፤ ስልኬ 31 በመቶ ቀርቶታል። ከመካከላችን አንዷ ነርስ ናት፤ ዛሬ ማታ 2 ሰዓት ተረኛ ናት። ምን እናድርግ?

አራት ጎማ (9:15)
በጣም ቀላል ነው ወንድሜ። ቁልፉን ክፈት፣ ሁለተኛ ማርሽ አስገባ፣ ፍሪሲዮኑን ረግጠህ ያዝ፤ አምስቱ ከኋላ ይግፉ። ፍጥነት ስታገኝ ፍሪሲዮኑን ባንዴ ልቀቀው፤ ትነሣለች። አምስት ገፊ ይዞ «ምን ላድርግ» የሚል ሰው ዛሬ አየሁ።

ቁልቁለት (9:16)
ሁለተኛ ማርሽ አስገብታችሁ ግፏት።

የአያት ልጅ (9:21)
ሳልነግራችሁ፤ አውቶማቲክ ናት። ደግሞም እህት ነኝ።

ቁልቁለት (9:22)
ትንሽ ቁልቁለት ካለ ግን ብትገፉት ምናልባት ሊነሣ ይችላል።

አራት ጎማ (9:23)
ይቅርታ እህቴ። አውቶማቲክ ከሆነች የጻፍኩትን እርሺው፤ እስከ ሰበታ ብትገፏት አትነሣም። በአውቶማቲክ ካምቢዮ ውስጥ ኃይል የሚያስተላልፈው ዘይት ነው፤ ዘይቱን የሚገፋው ፓምፕ ደግሞ የሚዞረው ሞተሩ ሲሠራ ነው። ሞተሩ ካልዞረ ጎማውና ሞተሩ አይተዋወቁም።

ዝግባ (9:25)
ሙዚቃ? ሱባ ደን ሄዳችሁ ሙዚቃ? ይህ የመዝናኛ አዳራሽ አይደለም። «ጫካ ሄድን» ትላላችሁ፤ ጫካ አይደለም፣ ደን ነው፤ ያውም የተጠበቀ ደን። ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከሰሜን ሸዋው ወፍ ዋሻ ደን የጽድ ዘር አስመጥተው አስተከሉት ይባላል። አዲስ አበባ ከተቆረቆረች በኋላ ዙሪያዋ ለማገዶ ተመንጥሮ፣ ባሕር ዛፍ ከአውስትራሊያ መጥቶ እስኪታደጋት ድረስ ከተማዋ ዕንጨት አጥታ ነበር። ያን ሁሉ አልፎ የቆመ ጽድና ዝግባ ሥር ድምፅ ማጉያ ትከፍታላችሁ። የምኒልክ ድኩላ በምድር ላይ ከኢትዮጵያ ሌላ አገር የለውም። ወንዱ ጠቆር ያለ፣ ዓይን አፋር እንስሳ ነው። እናንተን ሰምቶ ወጨጫ ተራራ ጫፍ 3,385 ሜትር ላይ ወጥቶ አድሮ ይሆናል።

ሣቅ በነፃ (9:27)
እኔ ደግሞ የድኩላው ሐሳብ ገብቶኛል፤ ኔትወርክ ፍለጋ ነው የወጣው።

የአያት ልጅ (9:30)
ዝግባ፣ ሥነ ሥርዓት የሌለን ሰዎች አታድርገን። ከ1 ሰዓት እስከ 4 ሰዓት ብቻ ነው የከፈትነው፤ እሱንም ዝቅ አድርገን። የደኑ ጥበቃ ራሱ አብሮን ተቀምጦ ነበር። የምጠይቀው ስለ መኪና ነው። 26 በመቶ።

የድሮ ሹፌር (9:33)
ልጄ፣ እኔ 34 ዓመት መሪ ይዣለሁ። እኛ ወደ ገጠር ስንወጣ ከመነሣታችን በፊት በነበረው ምሽት ዘይት፣ ውኃ፣ ቺንጋ፣ የጎማ ንፋስ፣ ባትሪ እናይ ነበር። ትርፍ ጎማ፣ ክሪክ፣ ገመድ፣ አካፋ፣ የሁለት ቀን ስንቅ እንጭን ነበር። አሁን ያለው ወጣት ጥብስና ድምፅ ማጉያ ጭኖ ይወጣል። በዚህ ወቅት ሌሊቱ ውርጭ ነው፤ ብርድ ባትሪን እንደሚያደክም ማን ነገራችሁ? ለመሆኑ ከእናንተ መካከል ኮፈኑን ከፍቶ ያየ ሰው አለ?

የአያት ልጅ (9:35)
አባቴ፣ ልክ ነዎት። ኮፈኑን ከፍተናል፤ ግን ምን እንደምናይ አናውቅም። ከውጭ አገር የመጣው የአክስቴ ልጅ ከፍቶ አምስት ደቂቃ ትክ ብሎ አየውና ዘጋው።

ሣቅ በነፃ (9:36)
የአክስትሽ ልጅ በሙያው ምንድን ነው?

የአያት ልጅ (9:37)
የሒሳብ ሠራተኛ። «የአፍሪካ ጫካ» ብሎ አንበሳና ዝሆን ሊያይ ነበር የመጣው። ያየው ጉሬዛ ነው፤ እሱም ዳቦውን ሊወስድበት ሲወርድ። ሌሊት ጅብ ሲጮኽ ግን ድንኳኑን ትቶ መኪና ውስጥ ገብቶ ነው ያደረው። እባካችሁ ወደ ቁም ነገሩ።

ሣቅ በነፃ (9:41)
ቁም ነገር ከፈለግሽ ይኸው። የታላቅ ወንድሜ ሠርግ ቀን ሙሽራው ተሳፍሮ፣ አበባው ተለጥፎ፣ ክላክሱ እየጮኸ፣ መኪናዋ አልነሣ አለች። ክላክስ አለ፣ መብራት አለ፣ ሞተር የለም። አራት ሚዜዎች በሙሉ ልብስ ገፉ፤ ላብ በላብ ሆኑ። አንደኛው ሱሪው ተቀደደ፤ ከዚያ በኋላ በተነሡት ፎቶግራፎች ሁሉ በጎኑ ብቻ ነው የቆመው። በመጨረሻ አጎታችን መጥተው «ዞር በሉ» አሉና ጫማቸውን አውልቀው፣ ኮፈኑን ከፍተው፣ የባትሪውን ራስ በተረከዙ ሁለት ጊዜ መቱት። በአንድ ቁልፍ ተነሣች። አጎታችን እስከ ዛሬ ድረስ በየሠርጉ የክብር ቦታ ይሰጣቸዋል። እናንተም ተረከዙ ጠንካራ የሆነ ጫማ ፈልጉ።

አራት ጎማ (9:42)
ሰዎች ተቸግረው አንተ ሠርግ ታወራለህ።

የሆለታዋ (9:44)
እኔ የአካባቢው ልጅ ነኝ። እህቴ፣ ችግራችሁ አንድ ሳይሆን ሁለት ነው፤ አታደባልቂያቸው። መኪናዋ ብትነሣም ባትነሣም ነርሷ 2 ሰዓት ሥራዋ ላይ መገኘት አለባት። ስለዚህ እሷን ከአንድ ወንድ ጋር አሁኑኑ በእግር ወደ መንደሩ ላኪያት። የደኑ ጥበቃ አቋራጩን ያውቀዋል። እሑድ ከሰዓት በኋላ ከመንደሩ ወደ አስፋልት የሚወርድ ባጃጅ ወይም ሞተር ብስክሌት አይጠፋም፤ ፀሐይ ካዘቀዘቀች ግን ማንም አይወጣም። አስፋልት ከደረሰች በኋላ ታክሲ ሞልቷል። ከሁሉም በፊት ለሥራ ባልደረባዋ ደውላ «ልዘገይ እችላለሁ» ትበል።

የአያት ልጅ (9:47)
አልታሰበኝም! እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አሁኑኑ እነግራታለሁ።

የቄራ መካኒክ (9:49)
ቆይ እህቴ፣ ከጉብታው ሳትወርጂ ይህን አንብቢ። ለዝግባ ስትመልሺለት ሙዚቃው ከ1 እስከ 4 ሰዓት ነበር ብለሻል። ደህና ባትሪ በሦስት ሰዓት ዝቅ ባለ ሬዲዮ አይሞትም። ስለዚህ «ባትሪው ሞቷል» የሚለውን ፍርድ ለጊዜው አንሺው።

እንዲህ አድርጉ። የፊት መብራቱን አብሩ፤ አንድ ሰው ከፊት ቆሞ ይመልከት፣ ሌላው ቁልፉን ያዙር። መብራቱ ገና ሳይዞር ደብዝዞ ቀላ ያለ ከሆነ ባትሪው ባዶ ነው፤ ያን ጊዜ ሌላ መኪና ያስፈልጋችኋል። ደምቆ በርቶ ቁልፉ ሲዞር ድርግም ብሎ ከጠፋ፣ ጥፋቱ የባትሪው ራስ ላይ ነው፤ ማያያዣው ላልቷል ወይም ዝጓል። ደምቆ በርቶ ምንም ሳይለወጥ ከቀረ ደግሞ የማርሽ ዘንጉን ከፒ (ማቆሚያው) ወደ ኤን (ነፃ ማርሹ) አምጡትና ፍሬን ረግጣችሁ ሞክሩ፤ አውቶማቲክ መኪና ዘንጉ ፒ ላይ በትክክል መቀመጡን ካላወቀ ሞተሩን የሚያስነሣውን ሞተሪኖ አያዝዝም። ውጤቱን ጻፊልኝ።

አራት ጎማ (9:51)
ሞተሪኖው ነው እኔ እንደሚመስለኝ። ከሥር ገብታችሁ በክሪክ እጀታ መታ መታ አድርጉት።

የቄራ መካኒክ (9:52)
ምርመራ ሳይደረግ ዱላ አይታዘዝም። ማንም ሰው መኪና ሥር አይግባ።

ቁልቁለት (9:55)
ኤን ላይ አድርገው ቁልቁለቱን በዝግታ ቢወርዱስ? ከሱባ እስከ አስፋልት አብዛኛው መንገድ ቁልቁል ነው።

የድሮ ሹፌር (9:57)
አንተ ልጅ ሰው ልታስጨርስ ነው? ሞተር ያልተነሣ መኪና ፍሬኑ ሁለት ሦስት ጊዜ ይታዘዛል፤ ከዚያ በኋላ እንደ ድንጋይ ይጠጥራል። መሪውም ይከብዳል። በዚያ ኮረኮንች መንገድ ላይ ስድስት ነፍስ ጭኖ! ስምህን ቀይር።

የአያት ልጅ (10:08)
ተመለስኩ። ነርሷና አንዱ ጓደኛችን ከጥበቃው ልጅ ጋር ሄደዋል። መካኒኩ ወንድሜ፣ እንዳልከኝ አደረግን። መብራቱ ደምቆ በራ። ቁልፉን ስናዞር «ጠቅ» የሚል አንድ ድምፅ ተሰማ፤ ከዚያ መብራቱም ሬዲዮውም ጥፍት አሉ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ሁሉም በራሱ ተመልሶ በራ፤ የመኪናዋ ሰዓት ግን ከመጀመሪያው ጀምሮ መቁጠር ጀምሯል። መልካም ዜናም አለ፤ ጥበቃው ደውሎ መንደሩ ውስጥ አይሱዙ አግኝቷል፤ ሾፌሩ የባትሪ ገመድ ይዞ ሊመጣ ነው። 19 በመቶ።

የቄራ መካኒክ (10:10)
ለአይሱዙው ሾፌር አመስግናችሁ «ገመዱን አትሰካ» በሉት። የጭነት መኪናው ሁለት ባትሪ አያይዞ በ24 ቮልት የሚሠራ ነው፤ የእናንተዋ 12 ነው። እንዳለ ካገናኛችሁት የመኪናዋን ኮምፒውተር ታቃጥላላችሁ፤ ባትሪውም ሊፈነዳ ይችላል። ከሁለቱ ባትሪዎች ከአንዱ ብቻ 12 ቮልት መውሰድ የሚያውቅ ሰው አለ፤ እናንተ ግን አትሞክሩት። ከሾፌሩ የምትፈልጉት ሌላ ነገር ነው፤ አስር ቁጥር መፍቻ ቁልፍ ወይም ፒንሳ ይዞላችሁ ይምጣ።

አራት ጎማ (10:11)
ባጃጅስ? 12 ቮልት ነው።

የቄራ መካኒክ (10:12)
ቮልቱ ልክ ነው፤ ጉልበቱ ግን የለውም። ሞተሪኖ ሲነሣ በመቶዎች የሚቆጠር አምፔር በአንድ ጊዜ ይጎትታል። ሬዲዮና መብራት ጥቂት አምፔር ይበቃቸዋል። የእህታችን ነገር እዚህ ላይ ነው፤ የላላ ማያያዣ ለሬዲዮ የሚበቃውን ያሳልፋል፣ ሞተሪኖው ብዙ ሲጠይቅ ይቋረጣል። «ጠቅ» ብሎ ሁሉም የጠፋው፣ ሰዓቱም የተመለሰው ለዚህ ነው። ሠርጉን ያወራው ሰው እየቀለደም ቢሆን መልሱን ከሁላችን ቀድሞ ተናግሯል።

ሣቅ በነፃ (10:13)
ለአጎቴ አስተላልፋለሁ። ከዛሬ ጀምሮ የክብር ቦታ ለእኔም።

የቄራ መካኒክ (10:17)
አሁን ቅደም ተከተሉን በጥንቃቄ ያዢ። ቁልፉን ከመኪናዋ አውጡ። ቀለበት፣ ሰዓት፣ አምባር ያደረገ ሰው ያውልቅ። የባትሪውን ሁለት ራሶች በእጅ ነቅነቅ አድርጉ፤ አንዱ ከዞረ በሽታው ተገኘ ማለት ነው። ለመፍታት መጀመሪያ የመቀነስ ምልክት ያለበትን፣ ቀጥሎ የመደመሩን። ለማሰር ተቃራኒው፤ መጀመሪያ የመደመሩ፣ መጨረሻ የመቀነሱ። ምክንያቱም በመደመሩ በኩል ስትፈቱ መፍቻው የመኪናዋን ብረት ቢነካ ከባድ የእሳት ፍንጣሪ ይወጣል፤ መቀነሱ ቀድሞ ከተፈታ ቢነካም ምንም አይሆንም።

ነጭ ወይም አረንጓዴ ዱቄት ካያችሁ ሙቅ ውኃ በቀስታ አፍስሱበት፤ ይሟሟል። እጃችሁን ሳትታጠቡ ዓይናችሁን አትንኩ፤ የአሲድ ዝቃጭ ነው። ከዚያ የራሱን ዙሪያና የማያያዣውን ውስጠኛ ክፍል ብረቱ ብልጭ እስኪል ድረስ በቢላዋ ፋቁት። ብሎኑ ጠብቆም ማያያዣው ከላላ፣ ከማንኛውም የማይፈለግ የኤሌክትሪክ ገመድ ጥቂት የመዳብ ክሮች መዝዛችሁ በመካከሉ ጠቅጥቁ። ለቤት ያደርሳችኋል። ነገ ማያያዣው ይለወጥ።

ሣቅ በነፃ (10:18)
ሙቅ ውኃ ከየት ይመጣል እንዳትዪ፤ ጀበና ሳትይዙ አልሄዳችሁም። አቦሉን ጠጥታችኋል፣ ቶናውን ለአይሱዙው ሾፌር፣ በረካውን ለባትሪው።

ዝግባ (10:20)
የተረፈውን ውኃ እሳቱ ላይ አፍስሱበት። ደረቅ ወቅት ነው፤ ፍም ከአፈር በታች ቆይቶ ይነሣል። አመዱን በእጅ ጀርባ ጠጋ ብላችሁ ሙቀቱን ሳታዩ አትውጡ።

የድሮ ሹፌር (10:22)
ይህን ደግሞ ደህና ተናገረ።

ቁልቁለት (10:30)
ኮካ ኮላም ያጸዳዋል ይባላል። ከዚያ ሁለተኛ ማርሽ አስገብተው ቢገፏት።

አራት ጎማ (10:31)
አውቶማቲክ ናት ተብለሃል!

የአያት ልጅ (10:43)
ቶሎ ልጻፍ፤ 6 በመቶ ነው። የአይሱዙው ሾፌር መጣ፤ ቁልፍ የለውም፣ ፒንሳ ግን አለው። የመቀነሱ ራስ በእጅ ይዞራል! ነጭ ዱቄት ወርሮታል። የአክስቴ ልጅ ጀበናውን ይዞ ቆሟል። ነርሷ አስፋልት ደርሳ ታክሲ ይዛለች። ልውረድ።

የቄራ መካኒክ (10:45)
በፒንሳ ሲሆን ብሎኑ እንዳይበላ ቀጥ አድርጋችሁ አጥብቃችሁ ያዙ። ከተነሣች በኋላ እስከ ቤት ድረስ እንዳታጠፏት። በመንገድ ላይ የባትሪ ቅርጽ ያለው ቀይ መብራት ዳሽቦርዱ ላይ ከበራ ባትሪውን የሚሞላው ዲናሞም መታየት አለበት።

የሆለታዋ (11:50)
ምን ደረሳችሁ?

አራት ጎማ (12:20)
መሸ እኮ። ተነሣች ወይስ አልተነሣችም?

የድሮ ሹፌር (12:38)
ልጄ፣ ይህን ካነበብሽው። ምናልባት እዚያው የምታድሩ ከሆነ፣ ብርዱ ቢከፋም ከሰል ወይም ምድጃ ወደ ድንኳን እንዳታስገቡ፤ መኪና ውስጥም እንዳታስገቡ። ጭስ የሌለው የቀላ ፍም ጥሩ ይመስላል፤ ገዳዩ እሱ ነው። ጋዙ አይሸትም፣ አይታይም፤ ሰው እንቅልፍ መስሎት ይቀራል። በሥራ ዘመኔ ሁለት የማውቃቸውን ረዳቶች በዚህ ምክንያት አጥቻለሁ። ተጠጋግታችሁ ተኙ፣ ያላችሁን ልብስ ሁሉ ደርቡ፣ ከመሬት የሚመጣውን ብርድ ለመከላከል ከሥር ካርቶን ወይም ደረቅ ሣር አንጥፉ። ምግቡን ከድንኳኑ አርቃችሁ መኪና ውስጥ ቆልፉበት፤ ጅብ የሚመጣው ሽታ ተከትሎ ነው። ድምፅሽን አሰሚን።

ሣቅ በነፃ (12:41)
አባቴ፣ ስልኳ ዘግቶ ነው። አይዞዎት።

የድሮ ሹፌር (12:44)
አውቃለሁ። ቢሆንም።

ዝግባ (ሰኞ፣ 1:10)
ትናንት በሙዚቃው ጉዳይ ትንሽ አብዝቼ ይሆናል። ወጥታችሁ ከሆነ አንድ ቃል ጻፉ።

የቄራ መካኒክ (ሰኞ፣ 3:25)
የመቀነሱ ራስ በእጅ ይዞራል ካለች ተነሥታለች። ሰው መኪናው ሲነሣለት መካኒኩን ይረሳል፤ የተለመደ ነው።

የሆለታዋ (ሰኞ፣ 12:05)
ዛሬ በሱባ በኩል የመጣ ዘመዴን ጠይቄው ነበር፤ ቆማ የቀረች መኪና አላየሁም አለ። እሱ ግን ወደ ውስጥ አልገባም።

ሰንበት በደጅ (ሐሙስ፣ 4:15)
ሰላም ለሁላችሁ። እኛም ለቅዳሜ ሱባ ለማደር አስበናል፤ አምስት ነን። ቪትዝ እስከ ውስጥ ያደርሳል? ማርሿ የእጅ ነው።

ቁልቁለት (ሐሙስ፣ 4:16)
ያደርሳል። ካልነሣች ሁለተኛ ማርሽ አስገብታችሁ ግፏት።

አራት ጎማ (ሐሙስ፣ 4:18)
ዛሬስ ልክ ነው።

የሆለታዋ (ሐሙስ፣ 4:31)
ዝናብ ካልዘነበ ያደርሳል፤ ጭቃ ከሆነ ግን አትሞክሩት፤ ጥቁሩ አፈር ትንሽ መኪና ይውጣል። ከመሄዳችሁ በፊት ደግሞ የአንድ ነገር መልስ ይዛችሁልኝ ኑ፤ የደኑን ጥበቃ «ባለፈው እሑድ ባትሪያቸውን በጀበና ያጠቡት ልጆች እንዴት ሆኑ?» ብላችሁ ጠይቁልኝ።